የመጀመሪያ የቤት ኮምፒውተር ልትገዙ ነው? ጠጋኙን ጠይቁ

ጠጋኙ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ጠይቁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዋጋ አትጠይቁኝ። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጠዋት የነገርኳችሁ ዋጋ ማታ ላይሠራ ይችላል። ሌላው፣ ለምን እንደምትፈልጉት ሳትነግሩኝ «የቱ ይሻላል?» አትበሉኝ።

ተመራቂ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ኮምፒውተር የቱ ነው?

ጠጋኙ፦ ይኸው ተጀመረ። ለምን ሥራ?

ተመራቂ፦ ለሁሉም።

ጠጋኙ፦ አስብና ተመለስ። ቀጣይ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እንደምን ዋልክ ወንድሜ። ልጆቼ ለትምህርት፣ እኔ ደግሞ ለሱቄ ሒሳብ በኤክሴል እንድንጠቀምበት ነው። ያገለገለ ዴል አይቻለሁ። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ።

ጠጋኙ፦ እንደዚህ ነው መጠየቅ። እህቴ፣ «አይ 7» የሚለው የፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ጠይቂ። አይ 7-2600 ከሆነ ሁለተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። ዛሬ ኮር አይ 3-12100 በደንብ ይበልጠዋል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በ8፣ በ9፣ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ይጀምር፦ አይ 5-8400፣ አይ 5-8500 የመሳሰሉት። ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቢያንስ 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) 256 ጂቢ። ለእናንተ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

የቢሮ ዕቃ የነበሩትን ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤሊትዴስክ፣ ቲንክሴንተር የሚባሉ ኮምፒውተሮች እወዳቸዋለሁ። ፓወር ሰፕላያቸው (የግድግዳውን መብራት ለውስጥ ዕቃው የሚያከፋፍለው ሳጥን) ደህና ነውና። አንድ ጉድለት አላቸው። ብዙዎቹ የራሳቸው ልዩ ሶኬት ስላላቸው ፓወሩ ቢቃጠል ከገበያ ያገኘሽውን አትሰኪበትም። የሚተካው መኖሩን አስቀድመሽ አጣሪ።

ጌመሩ፦ እዚያ ዴል ላይ ቪጂኤ (ግራፊክስ ካርድ) ጨምሬ ጌም ልጫወትበት?

ጠጋኙ፦ ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ አጭሩን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ካርዱም ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ ይሁን። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚል ርካሽ ካርድ ስታይ የካርዱን ማንነት በሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ ፕሮግራም ሳትፈትሽ ብር እንዳታወጣ። አሮጌ ካርድ ስሙ ተቀይሮ ይሸጣል።

የጅማ ልጅ፦ አዲስ ላስገጣጥም ነው። ሱቁ ኬዝ ከ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ጋር በአንድ ዋጋ ይሰጠኛል። ልውሰድ?

ጠጋኙ፦ ቆይ፣ ለዚህኛው ልቀመጥ።

ከኬዝ ጋር የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ አትመኑ። ሰው ሁሉ ፕሮሰሰር ሲመርጥ ሳምንት ይፈጃል፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርስ «ያለውን ስጠኝ» ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው የተቃጠለ ማዘርቦርድ ግን አብዛኛው በእሱ የተገደለ ነው። ፕሮሰሰር ብቻውን ሲሞት ብዙም አይታይም።

ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ። «550 ዋት» የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ እለፈው። 12 ቮልት የሚለው ሥር ስንት አምፒር ተጽፏል? 20 ከሆነ በ12 አባዛው፣ 240 ዋት ነው። ፕሮሰሰርህና ካርድህ የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። 550ው ለማስታወቂያ ነው። ደህናው ዕቃ ላይ የ12 ቮልቱ ብዜት ከጠቅላላው ጋር ይቀራረባል፣ 80 ፕላስ የሚል የብቃት ምልክትም አለው። በእጅህ ስትመዝነው ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ከሆነ መልሰው።

ግቤቱ 100–240 ቮልት ይበል። እንዲህ ያለው ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አይደነግጥም። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ያለው 115/230 አሮጌ አሠራር ነው፣ ተወው።

ካርድ የሌለው የቤት ኮምፒውተር ደግሞ ሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ 150 ዋት እንኳን ብዙም አይሞላም። ስለዚህ እውነተኛ 450 ዋት ከውሸት 700 ዋት ይሻልሃል።

ቮልት፦ ጋሼ ይህን ሁሉ ከምታስጨንቃቸው ስታቢላይዘር ግዙ በላቸው። የእኔ ዓመታት ሠርቷል።

ቡና ጠጪ፦ ስታቢላይዘር ለፍሪጅ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ምን ያደርግልሃል?

ቮልት፦ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስስ? ባትሪው በሁለት ዓመት ይሞትና ጩኸቱ ብቻ ይቀራል።

ቡና ጠጪ፦ ባትሪ ይቀየራላ!

ጠጋኙ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። 100–240 የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ የቮልት መዋዠቁን ራሱ ይችለዋል። ዕቃ የሚገድለው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ምት ነው። ፋይል የሚያበላሸው ደግሞ ድንገት መጥፋቱ ነው። ለዚህ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፣ «ላይን ኢንተራክቲቭ» የሚባለው፤ ቮልት ማስተካከያው ውስጡ አለ። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ ከ360 እስከ 390 ዋት አካባቢ ነው። ሌዘር ፕሪንተር እንዳትሰኩበት። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ባትሪውን ብቻ ቀይሩ። ዩፒኤስ መግዛት የማትችሉ፣ መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ ትንሽ ጠብቁና ሰኩ።

ዝምተኛው፦ ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው?

ጠጋኙ፦ ጥሩ ጥያቄ። አይመስለኝም፣ ቤትህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ ከኬዙ ብረት ጋር የተገናኙ። የሚያፈሱት ጥቂት ከረንት በግራውንድ ሽቦ ወደ ምድር መሄድ አለበት። ግራውንድ ከሌለ ኬዙ ላይ የ220 ግማሽ ያህል ቮልት ይቀመጣል። ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ቢነዝርህም አይጥልህም። ግን ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ ስትሰካ ስትነቅል ወደቡን ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ ዲቫይደርህን እይ። የግራውንድ ብረት የሌለው ርካሽ ዲቫይደር ከሆነ ቀይረው። ካልተሻለ ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ንዝረቱ ጠንከር ያለ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንቀለው፣ ያ ሌላ ችግር ነው።

ላፕቶፕ ይሻላል፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ላፕቶፕ ግዙና ተገላገሉ። ባትሪ አለው፣ ግራውንድ አይል፣ ዩፒኤስ አይል።

ቡና ጠጪ፦ ቻርጀሩ ሲቃጠልስ? ልጅ ሻይ ሲደፋበትስ?

የሁለት ልጆች እናት፦ የእኔ ልጆች አንዱን ላፕቶፕ እንደዚያው አድርገውታል።

ጠጋኙ፦ ርዕሱ የቤት ኮምፒውተር ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ላፕቶፕ ይግዛ፣ አልተቃወምኩም። ቀጣይ።

ተመራቂ፦ አስቤ መጣሁ። ለፎቶሾፕ፣ አልፎ አልፎም ለቪዲዮ ኤዲቲንግ። አዲስ ነው የማስገጣጥመው።

ጠጋኙ፦ አየህ፣ አሁን ሰው መሰልክ። ኮር አይ 5-12400፣ መጨረሻው ላይ ኤፍ የሌለው። ኤፍ ካለው ውስጡ ግራፊክስ የለም፣ ካርድ ካልጨመርክ ስክሪንህ ጥቁር ነው። ራም 16 ጂቢ፣ ግን ባለ 8 ሁለት ይሁን። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ ውስጠኛው ግራፊክስ በግልጽ ይፈጥናል። ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሠሩ ማዘርቦርዶች አንዳንዱ ዲዲአር 4፣ አንዳንዱ ዲዲአር 5 ናቸው። ራሞቹ ቦታ አይለዋወጡም፣ በግድ አታስገባ። 500 ጂቢ ኤንቪኤምኢ (ከተራው የሚፈጥነው) ኤስኤስዲ። ፓወር ሰፕላይ ለብቻው ግዛ፣ ከኬዝ ጋር የሚመጣውን እንዳትወስድ ብያለሁ።

ጌመሩ፦ ኢንቴል ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው? የኤኤምዲ ራይዘን አለ እኮ!

ቮልት፦ ራይዘን ይሞቃል።

ጌመሩ፦ ማን አለ? ያንተ ፋን አቧራ ጠጥቶ ነው።

ጠጋኙ፦ ራይዘን ጥሩ ነው። ራይዘን 5 5600 ጂ ውስጡ ግራፊክስ አለው፣ ራይዘን 5 5600 የለውም። ከዚህ በላይ አታጣሉኝ።

ዲሲ ያለሁት፦ ሐዋሳ ላለው ወንድሜ ከዚህ ሙሉ ኮምፒውተር ይዤ ልመጣ ነው። 110 እና 220 ጣጣ የለውም?

ጠጋኙ፦ ወረቀቱ ላይ 100–240 ካለ ሽቦውን ቀይሮ ይሰካዋል። ቀይ ማብሪያ ካለው እዚያ 115 ላይ ነው፤ እንደዚያው እዚህ ከተሰካ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። 230 ላይ አድርጎ ነው መሰካት ያለበት። ምክሬን ከጠየቅሽኝ ግን ኬዝና ሞኒተር አትሸከሚ። ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ኤስኤስዲ ይዘሽ ነይ፣ ሌላውን እዚህ ይገዛል።

የጅማ ልጅ፦ 2 ቴራ ኤስኤስዲ በጣም በርካሽ አግኝቻለሁ…

ጠጋኙ፦ ፎርጅድ ነው። አትግዛ።

ተመራቂ፦ ሞኒተርስ?

ጠጋኙ፦ ስክሪኑ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት፣ ጥራቱ 1920 በ1080። ያገለገለ ከሆነ ሙሉ ነጭ ስክሪን አስከፍተህ ነጠብጣብ እይ።

የሁለት ልጆች እናት፦ የመጨረሻ ጥያቄ ወንድሜ፣ ከሱቅ ሳልወጣ ምን ልፈትሽ?

ጠጋኙ፦ አስነሺው፣ አጥፊው፣ እንደገና አስነሺው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም አስከፍተሽ የፕሮሰሰሩን ቁጥርና የራሙን መጠን ከተነገረሽ ጋር አስተያዪ። ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይታያል። ዩኤስቢ ወደቦቹን በሙሉ በፍላሽ ሞክሪ። ሻጩ «ቸኩለናል» ካለሽ አንቺ አትቸኩዪ። ደረሰኙ ላይ የዕቃዎቹ ሲሪያል ቁጥርና የጋራንቲው ጊዜ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ጋራንቲ ጋራንቲ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ የእኔ ኬዝ ከ600 ዋት ፓወር ጋር ነው የመጣው፣ ይበቃል አይደል?

ጠጋኙ፦ ላይ አንብብ። የ12 ቮልቱን አምፒር አይተህ ተመለስ።