ጀርመን፣ ላይፕዚግ ያለውን የማክስ ፕላንክ የሒሳብ ተቋም ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ "በሒሳብ ማስተርሴን ጨርሻለሁ፣ ላይፕዚግ ማመልከት አስቤ ነበር ግን ባዮሎጂም ፊዚክስም ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነክቼ አላውቅም፣ ይቀበሉኛል ወይ" ያልሽውን አሁን ገና አየሁት። ፒኤችዲዬን እዛ ስለሰራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ከላይ ኮመንት የሰጡሽ ልጆች ግማሾቹ የሚያወሩት ስለ ቦኑ ነው። ቦን ያለው ማክስ ፕላንክ ሌላ ነው፣ እሱ ንጹህ ሒሳብ ነው። የላይፕዚጉ በ1996 የተከፈተው፣ ሒሳብን ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር የሚያገናኘው ነው። አንዱ ጋ የጻፍሽውን ሞቲቬሽን ሌተር ለሌላው ኮፒ እንዳታደርጊው አደራ!

ባዮሎጂ አለማወቅሽ ችግር አይደለም። እኔ ራሴ ስሙን ሰምቼ ላቦራቶሪ ያለበት፣ ጋውን የሚለበስበት ቦታ መስሎኝ ነበር የሄድኩት 😅 ከትልቁ ባቡር ጣቢያ በእግር የምትደርሺበት ሕንፃ ነው፣ ውስጡ ሰሌዳ፣ ጥሩ ላይብረሪና ቡና ነው ያለው፣ በቃ። እንደ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የለም፣ ሰው ሙሉ ቀን የሚያስበው ስለ ሪሰርቹ ነው።

ምን ይሰራሉ ላልሽው፣ ለምሳሌ ኒኬልና ቲታኒየም የተቀላቀለበት ሽቦ አለ፣ አጣመሽው ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትከቺው ወደ ድሮ ቅርፁ ይመለሳል። ለምን? ውስጡ ያለው ክሪስታል ኢነርጂውን ዝቅ ለማድረግ በጣም ቀጫጭን ንብርብር እየሰራ ነው፣ ያንን ለመረዳት ደግሞ ካልኩለስ ኦፍ ቬሪዬሽንስ (ኢነርጂውን ትንሹ የሚያደርገው ቅርፅ የቱ ነው ብሎ የሚፈልግ ሒሳብ) ያስፈልጋል፣ ከመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዱ ሽቴፋን ሙለር የሚታወቀው በዚህ ነው። ወይ ደግሞ 10 ዝርያ ወስደሽ ማን ከማን ተወለደ ብለሽ የዘር ሐረግ ዛፍ ልትስዪ ብትፈልጊ፣ ስሩ የታወቀና እየተሰነጠቀ ሁለት ሁለት የሚሆን ዛፍ ብቻ ብትቆጥሪ 34,459,425 አማራጭ አለ፣ በ10 ዝርያ ብቻ! በርንድ ሽቱርምፌልስ በ2017 ዳይሬክተር ሆኖ ሲመጣ ይዞት የመጣው አልጀብራ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በፖሊኖሚያል የሚያይ ነው። እዛው ዳይሬክተር የነበረው የቮልፍጋንግ ሃክቡሽ ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ በይው) ደግሞ ለብቻው ነው፣ ሚሊዮን በሚሊዮን የሆነ ሙሉ ማትሪክስ ኮምፒውተር ላይ ልያዝ ብትይ 8 ቴራባይት ይፈጃል፣ እሱ በየብሎኩ ጨምቆ በጣም ትንሽ ቦታ ላይ የሚያስቀምጥበትን መንገድ አመጣ፣ ያንን ዛሬ ኢንጂነሮች ይጠቀሙበታል።

እኔ የጠፋሁበትን ልንገርሽ። አንደኛ ዓመት ላይ "ባዮሎጂ አላውቅም" በሚል ፍርሃት ሦስት ወር ሙሉ የሴል ባዮሎጂ መጽሐፍ ሳነብ ከረምኩ፣ ሱፐርቫይዘሬ ምን እየሰራህ ነው ሲለኝ ኖቴን አሳየሁት፣ ዝም ብሎ አየኝና የትኛውን ቲዎረም ፈልገህ ነው አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ በተቃራኒው ሄድኩ፣ አንድ የሚያምር ነገር አረጋገጥኩና ሴሚናር ላይ አቀረብኩ፣ እንግዳ የነበረች ባዮሎጂስት እጇን አውጥታ "ቋሚ ነው ያልከው ፍጥነት እኮ በየደቂቃው ይለዋወጣል፣ ከዚህ ውስጥ የምለካው የቱን ነው?" አለችኝ። የሁለት ወር ስራዬ እዛው ቀረ፣ ግን እሷ የጠየቀችኝ ነገር ነው በኋላ የቴሲሴ ሁለተኛ ምዕራፍ የሆነው። ስለዚህ አንድ ሒሳብ በደንብ እወቂ፣ ፓርሻል ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንም ይሁን ጂኦሜትሪ፣ ሌላውን ከሰው ትሰሚያለሽ፣ የሞኝ ጥያቄ መጠየቅ ካላፈርሽ።

ሌላው፣ እዛ ርዕሱ ሰውን ይከተላል። ዳይሬክተር ሲለወጥ የሚሰራውም ነገር ይለወጣል፣ ሙለር ራሱ ድሮ ወደ ቦን ሄዷል። የዛሬ አስር ዓመት የወጣ ፔፐር አንብበሽ አታመልክቺ፣ አሁን ማን እንዳለ እዪ፤ ከዳይሬክተሮቹ ፌሊክስ ኦቶ ከ2010 ጀምሮ አለ፣ አና ቪንሃርድ ደግሞ በ2022 ነው የመጣችው፣ ሁለቱ የሚሰሩት ሒሳብ በጣም ይለያያል።

ዲግሪውን የሚሰጥሽ ተቋሙ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው። ስራው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤት ፍለጋውና የቢሮው ጣጣ ግን ጀርመንኛ ይፈልጋልና ከአሁኑ ትንሽ ጀምሪ። ሌተርሽ ላይ "ሒሳብን ለሳይንስ ማዋል እወዳለሁ" ብለሽ አትጻፊ፣ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ቴሲስሽ ላይ ያልፈታሽው አንድ ጥያቄ ካለ እሱን ጻፊ። ከፈለግሽ እዚሁ አምስት መስመር አድርገሽ ለጥፊውና አብረን እናየዋለን፣ ማታ ማታ ነው የምገባው።