በባና ተጠቅልሎ የጠቆረው የናስ ታምቡር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ታምቡር መቺ ነበር። ካረፈ ወዲህ ስኔር ድራሙ በባና ተጠቅልሎ፣ ከበረቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ጓዳ ነው የኖረው። አሁን ሳወጣው ገላው ጠቁሯል፣ በብሎኖቹ ዙሪያም አረንጓዴ ነገር ወጥቶበታል። ጎረቤቶቼ በሎሚና በአመድ እሺው ይሉኛል። ልጄ በትምህርት ቤቱ ባንድ ሊመታው ጓጉቷል። ምን ላድርግ? (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድመሽ ባናውን አንሺለት። ለመንዝ ብርድ ከባና የሚበልጥ የለም፤ ለናስ ግን አይሆንም። የበግ ጸጉር ድኝ አለበት፤ ከእሱ ቀስ እያለ የሚወጣው ጋዝ በናሱ ውስጥ ያለውን መዳብ ያጠቁረዋል።

የበረቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከከብት ሽንት የሚነሳው አሞኒያ ናስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በክረምት በፈረስ ጋጣ የተከማቹ የናስ ቀለሆች ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር፤ ጥፋቱ የአሞኒያ እንደሆነ በ1921 እ.ኤ.አ. በጥናት ተብራራ። ናስ ታጥፎ ሲሠራ ውስጡ ውጥረት ይቀርበታል፣ አሞኒያው የሚያጠቃው እዚያ ነው። ስለዚህ ከማሸትሽ በፊት ድራሙን ፀሐይ ላይ አውጪና የብሎን ቀዳዳዎቹንና የታጠፈውን ጠርዝ በደንብ መርምሪ። እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየሽ ልጁ እንዳይመታው፤ ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል።

ስንጥቅ ከሌለው ፍቺው። መጀመሪያ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ሳትሄጂ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት አላሊ። ከሥር ያሉትን ጥምዝ ሽቦዎች ፖሊሽ አይንካቸው፤ ያ የሚንጫረረው ድምፅ የእነሱ ነው። ቆዳውን ወጥረው የሚይዙትን ቀለበቶች ማግኔት ከያዛቸው ብረት ናቸው፤ ክሮም የተለበጠ ብረት ላይ ያለውን ዝገት ውኃ የነካ የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድደሽ ብታሺው ይለቃል።

ገላውን ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና አጥበሽ አድርቂ። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ትንሽ ብራሶ (የናስ ፖሊሽ) ነክረሽ በማይታይ ቦታ ሞክሪ። ጨርቁ ከጠቆረ ናሱ ራቁቱን ነው፤ በትንሽ በትንሹ ቀጥዪ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ላዩ ላይ ግልጽ ቫርኒሽ አለ ማለት ነው፤ ጥቁሩ ከቫርኒሹ ሥር ስለሆነ ፖሊሽ አይደርስበትም። ቫርኒሹ በብዛት ደህና ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከተላጠ ብቻ፣ ከእሳት ርቀሽ፣ ደጅ ሆነሽ ቫርኒሽ በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ሞክሪው። አንዳንድ ፖሊሽም አሞኒያ ስላለው መጨረሻ ላይ አጥበሽ አድርቂው።

ሎሚውን ለአረንጓዴው ቦታ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ ቀባ አድርገሽ ወዲያው እጠቢው። ከቆየ በናሱ ውስጥ ከመዳቡ ጋር ያለውን ዚንክ እየበላ ናሱን ሮዝማ ያደርገዋል። አመድ፣ የድስት ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ግን በጭራሽ! ይፍቁታል። በተለይ ቆዳው የሚቀመጥበት ጠርዝ አንዴ ከተዛባ ድራሙ ድምፁን አይዝም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ የአባትሽ ማንገቻና ጭን ያሻሹትን ቦታ እንደ አዲስ ላብረቅርቀው አትበይ። ባንድ ውስጥ የኖረ ሰው ያንን ምልክት ያነበዋል፤ ልጅሽም አያቱ እንዴት አንግቦት ይሰለፍ እንደነበር ከዚያ ያያል።

ስትገጥሚው ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት አጥብቂ፣ ቀጥሎ በቁልፍ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጥንድ ጥንድ እያደረግሽ ግማሽ ግማሽ ዙር አዙሪ። ማስቀመጫው ከበረቱ የራቀና ደረቅ ክፍል ይሁን፣ መሸፈኛውም የታጠበ የጥጥ ነጠላ። ቆዳ መቀየር ካስፈለገ ከመግዛትሽ በፊት የገላውን አፍ በሜትር ለኪ፤ ብዙዎቹ 14 ኢንች ናቸው። የታችኛው ከላይኛው በጣም የሳሳ ስለሆነ ለሻጩ «ለስኔር የታችኛው» ብለሽ ለይተሽ ንገሪው።