ከሐይቅ ከተማ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፦ ከሙያው በፊት የምትማርበትን ቤት ምረጥ

ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። 12ኛ ክፍል ተፈትነህ 50 በመቶ አልመጣልህም። አባትህ «ዓመቱን ተቀምጠህ አጥናና እንደገና ተፈተን» ይላሉ። አንተ ግን ልብህ ያለው ብየዳና ኤሌክትሪክ ላይ ነው። አክስትህ «ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» ብለው አሳዝነውሃል። አብሮ አደግህ ደግሞ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግሯል። «አብረን እንውጣ» እያለህ ነው። በመጨረሻም «ዲግሪ የሌለው ሰው እዚሁ ወሎ ውስጥ በእጁ ሥራ ቤተሰብ ማስተዳደር ይችላል ወይ?» ብለህ ጠየቅከኝ።

ይችላል። ግን «ይችላል» ብዬ ብቻ ከተውኩህ ምንም አልመከርኩህም።

መጀመሪያ ስለ ውጤትህ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለዚህ አንገትህን አትድፋ። አብዛኛው እኩያህ ያለበት ቦታ ላይ ነው ያለኸው። በጥቂት ነጥብ አምልጦህ ቢሆን ኖሮ ከአባትህ ጋር እስማማ ነበር። አንተ ግን ራስህ እንደጻፍከው ርቀቱ ሰፊ ነው። መጽሐፍ ከፍተህ ስትቀመጥም ሐሳብህ ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ነው የሚሄደው። ይህን አባትህ ከአንተ ከራስህ ሊሰሙት ይገባል።

ስለ ጓደኛህ ሐሳብ ግን ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በዚያ መንገድ አትውጣ። በአፋር በረሃና በባሕሩ ላይ ስንት የወሎ ልጅ እንደቀረ ሰፈርህን ብትጠይቅ ይነግርሃል። ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ሰውም ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ወደፊት መሄድ ብትፈልግ እንኳ ሙያ ይዘህ ሂድ። ይህን ለጓደኛህም አንብብለት።

አሁን ወደ ዋናው። ብየዳ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ ብለሃል። እኔ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለኝ። የት ነው የምትማረው? ኮሌጁን ማለቴ አይደለም። ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ከሐይቅ ሁለቱም ሩቅ አይደሉም። የምጠይቅህ ስለ ትብብር ሥልጠናው፣ ማለትም በሥራ ቦታ ስለሚሰጠው ሥልጠና ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲቀረጽ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ እንዲሆን ታስቦ ነው። እንግዲህ ሙያውን የምትይዘው ጋራዥ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ሰልጣኝ ደግሞ ኮሌጁን ለወራት ሲመርጥ ይከርምና የትብብር ቦታውን በተመደበበት ዝም ብሎ ይቀበላል።

በታናሽ ወንድሜ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ጎበዝ ነበር፤ የክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው። ለትብብር የተመደበበት ድርጅት ግን ዕቃ አስነክቶት አያውቅም። ወለል ይጠርጋል፣ ሻይ ያመላልሳል፣ ቆሞ ያያል። ወረቀቱ ላይ ግን ይፈረምለታል። ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ሲቀርብ የጽሑፉን አለፈ፣ የተግባሩን ወደቀ። «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ይዞ የመጣበትን ምሽት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ያለ ደመወዝ ገባ። ባለቤቱ ቁጡ ሰውዬ ናቸው፤ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሞተር አስፈቱት። በዓመቱ ተመልሶ ተመዘነና አለፈ። ያ አንድ ዓመት መጀመሪያውኑ ሊተርፍለት ይችል ነበር። ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የምነግርህ።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሁለት ሳምንት ስጠኝ። አንዱን ሳምንት ብየዳ ቤት፣ ሌላውን ኤሌክትሪክ ከሚዘረጋ ወይም ሞተር ከሚጠግን ሰው ጋር ዋል። ደመወዝ አትጠይቅ። ጠዋት ቀድመህ ድረስ፤ ዕቃ አቀብል፤ ዓይንህን ከእጃቸው አትንቀል። ከዚያ ሦስት ነገር አስተውል። ሰውየው ሲሠሩ ምክንያቱን ይናገራሉ ወይስ «ዝም ብለህ ያዝ» ይላሉ? የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዛሬ የት ናቸው? ሲሳሳቱ ደብቀው ያልፋሉ ወይስ ፈትተው እንደገና ይሠራሉ? ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብህ። የኮሌጁ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ሥራ ቤቱ የሚናገረው ግን ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቋንቋ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ። በመጀመሪያው ሳምንት «ኩሽኔታውን አምጣ» ስትባል ብትደናገር አትፈር። ትንሽ ደብተር ያዝ። በአንድ በኩል የሥራ ቤቱን ስም፣ በሌላው የመጽሐፉን ጻፍ። ሲኦሲ ላይ ሁለቱም ያስፈልጉሃል።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ካስገደድከኝ ኤሌክትሪክ እላለሁ። የቤት ዝርጋታ ብቻ ግን አይደለም። የኢንዱስትሪውን፣ ማለትም ሞተር፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ስሪ ፌዝ የሚባለው ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ። ምክንያቴ ኮምቦልቻ ናት። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱ፣ የዱቄቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ሁሉም በሞተር ነው የሚሠሩት። ሰው ስለ ፓርኩ ሲያወራ የሚታየው በስፌት ማሽን ላይ የተቀመጡት ወጣቶች ናቸው። ያ ሥራ ብዙ እጅ ይወስዳል፤ ክፍያው ግን ዝቅተኛ ነው። ማሽኑ ሲቆም የሚጠራው ጠጋኝ ጥቂት ነው፤ እሱን በቀላሉ መተካት አይቻልም። በ2014ቱ ጦርነት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ አይተሃል። ከዚያ በኋላ እንደገና የተነሳ እያንዳንዱ ማሽን በባለሙያ እጅ ነው የተነሳው።

መኪናውም ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዛሬ መካኒክ የሚሆን ልጅ ባትሪና ኤሌክትሪክ ካላወቀ ነገ ይቸገራል።

ብየዳን ግን እንዳናናቅሁት አታስብ። በርና መስኮት የሚበይድ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ እዚያ ላይ የሚፎካከሩት በዋጋ ነው። ቧንቧ የሚበይድ፣ ቆሞም ተንጋሎም ከራሱ በላይ ያለውን መስመር ሳያቋርጥ የሚጨርስ ሰው ግን ተፈልጎ ይጠራል። እሱን ለመሆን ከጨከንክ በል ግፋበት። ዓይንህን ግን አደራ። ያለ ማስክ «ለአንዴ ብቻ ነው» ብለህ አትሞክር። ጨረሩ ሲነካህ አታውቀውም፤ ሌሊት ላይ ዓይንህ አሸዋ የገባበት ያህል ይነድሃል። የፀሐይ መነፅር ለብየዳ አይሆንም። ኤሌክትሪክ ከመረጥክም ያው ነው። 220ም ሆነ 380 ቮልት ይቅርታ አያውቅም። ጠፍቷል ቢሉህም ራስህ በቴስተር ሳታረጋግጥ አትንካ።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። የመጀመሪያው ዓመት ኪስህ ባዶ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። የራስህን ሥራ ለመክፈት አትቸኩል፤ በሰው ቤት ሠርተህ ደንበኛ ሲያውቅህ ይደርሳል። ያኔ ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅተህ ሼድ መጠየቅ፣ ማሽንም በካፒታል ዕቃ ኪራይ፣ ማለትም ዋጋውን ቀስ በቀስ እየከፈልክ፣ መውሰድ ትችላለህ። በኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ለመሆን ደግሞ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሠራኸውን ሥራ ፎቶ አንሳ፤ ማስረጃህን ሰብስብ።

አክስትህ ያሉት ቃል እንደከበደህ ገብቶኛል። ባለሙያን መስደብ አገራችን ውስጥ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ዛሬም አፍ ላይ አለ። ከአክስትህ ጋር አትከራከር። የቤታቸው ማብሰያ ምድጃ ሲበላሽ ሄደህ ሥራላቸው።

አባትህን ግን አነጋግራቸው። አቦሉ ላይ አትጀምር። ሰው ሲረጋጋ፣ በረካው ሲቀዳ አንሳው። «ትምህርት ተውኩ» አትበላቸው፤ አልተውክምና። የሙያ ሥልጠናው ደረጃ እስከ 5 ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ደግሞ በዚሁ ዘርፍ ዲግሪ ይሰጣል። እሳቸው የሚፈሩት ብየዳውን አይመስለኝም። ልጃቸው መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው የሚሰጉት። ስለዚህ ሁለቱን ሳምንት ጠይቃቸው። ከቻልክ አንድ ቀን ሥራ ቦታው ድረስ ይዘሃቸው ሂድና ባለቤቱን አስተዋውቃቸው።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ መልሰህ ጻፍልኝ። የትኛው ቤት እንደዋልክ፣ ምን እንዳስነኩህ፣ ማታ ስትተኛ የትኛው ሥራ ሐሳብህ ውስጥ እንደቀረ ንገረኝ። የትብብር ቦታ አጠያየቁን ከዚያ ተነስተን አብረን እንጽፋለን።