ጫማው 44 ቁጥር ነው

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን፤ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ደመወዙን አይደብቅም። ባለፈው ወር የክረምት ልብስ ላወጣ ቤዝመንት ወርጄ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አንድ ሻንጣ አገኘሁ። ስከፍተው ሁለት ቀሚስ፣ ዊግ፣ ሊፒስቲክና ታኮ ጫማ። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ክው አልኩ። ጫማውን ገልብጬ ቁጥሩን ሳየው 44 ይላል።

ማታ ጠየቅኩት። ብዙ ቆይቶ «የእኔ ነው» አለኝ። ለካ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አማርኛ ትምህርት ስወስድ፣ እሱ ቤት ውስጥ ለብሶ ቡና ያፈላል፣ ዘፈን ይሰማል። ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ያወልቃል። «ለለውጥ ነው» ይለኛል። «ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዩኒፎርም፣ አንድ መስመር፣ አንድ ወንበር። እዚያች ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ሆኜ አርፋለሁ።» ወንድ ነው የምትወደው ወይ ስለው አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የመልሴ ጥበብ ቀሚስ ብብቱ ተተርትሮ አግኝቼ፣ ወፍሬ ነው ብዬ ሁለት ወር እንጀራ አቁሜ ነበር። ለካ እሱ ነው! በሽታ ነው? ጠበል ልውሰደው? ለንስሐ አባታችን ልንገር? ልጆቼስ?»

እህቴ፣

ከጥበብ ቀሚሱ ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩልሽ። ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ ስታቆሚ፣ ሰላጣ ስትቆርጪ፣ መስታወት ፊት ስትዟዟሪ፣ እሱ እያየሽ ዝም ብሏል። የቤትሽ ችግር በትንሹ እዚህ ጋ ይታየኛል። ልብሱ አንድ ነገር ነው። እውነቱን ይዞ አንቺን በራስሽ ገላ ማስጠርጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህኛው ይቅርታ ይገባሻል፣ ያውም ተብራርቶ። «ይቅርታ፣ ቀሚስሽን የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩም ዝም አልኩ» ብሎ በአፉ ይበለው። ከዛሬ ጀምሮም ያንቺ ቁም ሳጥን አይነካም። በዚህኛው አትደራደሪ።

አሁን ወደ ዋናው። «ለለውጥ ነው» ያለሽን ልመነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። እኔ ግማሹን አምነዋለሁ።

እስቲ አስቢው። አንቺ ለውጥ ሲያምርሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሹሩባ ትሠሪያለሽ። ጥፍር ትቀቢያለሽ። ለጥምቀት ነጭ፣ ለሠርግ ባለ ጥልፍ ትለብሻለሽ። ፀጉርሽን ተተኩሰሽ ስትመጪ «አምሮብሻል» የሚልሽ አይጠፋም። የእኛ ወንድ ደግሞ ሱሪ አለው። ሲዝናና ጂንስ፣ ሠርግ ሲጠራ ከረቫት። ሽቶ ካበዛ እንኳ «ሴታ ሴት» ይባላል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ ሰው፣ ለስላሳ መሆን፣ ማማር፣ መቀባት ሁሉ በሴት በኩል ብቻ የተቀመጠ ይመስለዋል። አንዳንዱ ሰው ታዲያ ያንን ሊያገኝ ሲፈልግ በልብሱ በኩል ይገባል። ባልሽ ቀሚስ ለብሶ ምን እንደሚያደርግ ነግረሽኛል፤ ቡና ያፈላል። ያቺ ነገር ብዙ ትነግረኛለች። አውቶቡስ ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲንጫጫበት የዋለ ሰው፣ ቀስ ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ግማሹን አምናለሁ ያልኩት ግን በምክንያት ነው። ለውጥ ብቻ የፈለገ ሰው ዓሣ ማጥመድም ይችላል። ለምን ይሄኛው? እሱም ምናልባት ጥርት አድርጎ አያውቀው ይሆናል። በዚህ ጉዳይ የሚመጡ ወንዶች ብዙዎቹ ነገሩ በልጅነት ወይም በጉርምስና እንደጀመራቸው ይናገራሉ፤ መጀመሪያ ላይ ወሲባዊ ስሜት የነበረበት፣ እየቆየ ግን ወደ መረጋጋትና ዕረፍት የዞረ። ለአንዳንዱ ሁለቱም አብረው ይቆያሉ። ስለዚህ ጠይቂው። ፖሊስ እንደሚጠይቀው ሳይሆን። «ስትለብሰው ምን ይሰማሃል? መቼ ጀመረህ? ከእኔ ጋር ስትሆን ታስበዋለህ?» በዪው። መልሱ ባይጥምሽም ከሻንጣው ይሻላል።

ወንድ ነው የምትወደው ወይ ላልሽው፦ ሦስት ነገሮች አሉ፣ ሕዝባችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚያያቸው። አንዱ የሚለብሰው ነው። ሌላው የሚወደው ነው። ሦስተኛው በውስጡ ራሱን ወንድ ወይም ሴት አድርጎ ማየቱ ነው። አንዱን አውቀሽ ሌላውን መገመት አትችዪም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሴት ልብስ የሚለብሱ 1,032 ወንዶችን ጠይቆ ነበር። 87 በመቶው ፍቅራቸው ከሴት ጋር እንደሆነ ተናገሩ። አብዛኞቹም ያገቡ ወይም አግብተው የፈቱ ነበሩ። የተጠየቁት በአብዛኛው በማኅበርና በመጽሔት የተገኙ ናቸውና ቁጥሩ ስለ ሁሉም ሰው አይናገርም። የባልሽን ልብም አይነግርሽም፤ እሱን የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። ግን ቀሚስ ያየች ሚስት ሁሉ ያንን አንድ መልስ ብቻ ማሰብ እንደሌለባት ያሳያል።

በሽታ ነው ወይ? አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ድሮ እንዲህ ያለውን ልማድ በምርመራ ስም ያስቀምጠው ነበር። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም ግን አውጥቶታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2013 እትሙ አንድ የምርመራ ስም እንዳለ አቆይቷል፤ ያም ወሲባዊ ስሜት ኖሮበት ቢያንስ ስድስት ወር የዘለቀ፣ ሰውዬውንም በጣም የሚያስጨንቀው ወይም ኑሮውን የሚያናጋ ሲሆን ብቻ ነው። መልበስ ብቻውን አይቆጠርም። ባልሽ ሥራ አይቀርም፣ ልጆቹን አይበድልም። የሚያስጨንቀው ነገር ካለ እንዳይታወቅበት መፍራቱ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ሥራ ስጀምር አንድ አባወራ በተመሳሳይ ጉዳይ መጣልኝ። እኔም ወጣትና ልበ ሙሉ ነበርኩ። «ሁሉንም ጣለው፣ ለሚስትህም ቃል ግባ» አልኩት። ጣለው። እቅፍ ሙሉ ልብስ፣ በጥቁር ፌስታል። ሚስቱ አመሰገነችኝ። ከሰባት ወር በኋላ እንደገና ገዝቶ፣ አሁን ደግሞ መኪናው ጎማ ማስቀመጫ ውስጥ ደብቆ መጣ። የመጀመሪያው ምስጢር ላይ ሁለተኛ ምስጢርና የተሰበረ ቃል ጨመርኩላቸው። ይህ መጣልና መልሶ መግዛት በሙያችን በጣም የታወቀ ነገር እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ «ዛሬውኑ አቃጥለው» እንድትዪው አልመክርሽም። ቢያቃጥለውም እኮ ሱቁ ክፍት ነው።

ስለ ጠበል። ጠበል ለመጠመቅ ከወደደ አብራችሁ ሂዱ፣ ማን ይከለክላል። እያስፈራሩ መውሰድ ግን ሌላ ነው። ዘዳግም 22፥5ን እንደምታነቢልኝ አውቃለሁ። «ወንድም የሴትን ልብስ አይልበስ» ይላል። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንጂ መምህር አይደለሁም፤ ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ግን በዚያው በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ውስጥ የእንባ መሪና ታሪክ አለ። አባቷ ሊመንን ሲነሣ አብራ ለመሄድ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የወንዶች ገዳም የገባች ናት። «የሰው ልጅ አስረገዝክ» ተብላ ስትከሰስ እንኳ ሴት ነኝ ብላ ራሷን አላዳነችም፤ ሕፃኑን ተቀብላ አሳደገች። የታወቀው ስትሞት፣ ሲገንዟት ነው። ባልሽን ከቅድስት ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፣ አደራ። ልብስ መቀየር ሁልጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ እንደሌለው ለማሳየት ነው።

በመድረክም ያው ነው። ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን፣ በኋላ በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ያሳደጉን አባባ ተስፋዬ ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። ሕዝቡም ያጨበጭብ ነበር። ሱሪ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1800 የወጣ ደንብ ሴት እንደ ወንድ ለመልበስ ከፖሊስ ፈቃድ ታውጣ ይል ነበር፤ በይፋ የቀረው በ2013 ነው። እናትሽን ጠይቂያቸው፤ በእሳቸው ጊዜ ሱሪ የለበሰች ልጅ ምን ትባል እንደነበር ይነግሩሻል። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው አንቺ እንድትወጂው አይደለም። ልብሽ ትንሽ እንዲረጋ ነው።

የንስሐ አባታችሁን በተመለከተ፣ የእሱን ነገር አንቺ አትንገሪ። የራስሽን ሐዘን፣ የራስሽን ንዴት መናገር ትችያለሽ። የእሱን ግን እሱ ይናገር፣ ከፈለገ። እዚያ አካባቢ የእኛ ማኅበረሰብ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዛሬ ለአንድ ጓደኛሽ ቡና ላይ የሹክሹክታ ያህል ብትነግሪ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ የባልሽን እግር ነው የሚያየው። ያ ወሬ አንዴ ከወጣ ልጆችሽም ይሰሙታል። ካስጨነቀሽ ባለሙያ ፈልጊ። ሐበሻ ካልሆነ እንዲያውም ሊቀልሽ ይችላል።

ልጆቹ። የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች የሚጎዱት አባትና እናት ወጥ ቤት ቆመው በጥርሳቸው መሀል ሲነጋገሩ ነው። አሁን ልንገራቸው ብላችሁ አትቀመጡ። በር ይቆለፍ፣ ሰዓቱ ይታወቅ። አንድ ቀን ዊጉን አግኝተው ቢጠይቁ ደግሞ የሌላ ሰው ነው ብላችሁ አትዋሹ። «የአባባ ነው፣ አንዳንዴ ቤት ውስጥ ይለብሰዋል» በቂ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ስለ ራት ነው የሚጠይቅሽ።

አሁን ስላንቺ። እስካሁን ስለ እሱ ብዙ አወራሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ። «ይገባኛል፣ ግን ማየት አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ። «መኝታ ቤታችን ውስጥ አይግባ» ማለት ትችያለሽ። «ፎቶ ተነሥተህ የትም እንዳትለጥፍ፣ ከቤት ውጪ እንዳትወጣበት፣ ሳትነግረኝ ገንዘብ እንዳታወጣበት» ማለትም ትችያለሽ። ዘመናዊ ለመባል ብለሽ የማትችዪውን አትሸከሚ። አንዳንድ ሚስቶች እያደር «ቢያንስ ከለሩ ይስማማህ» እስከማለት ይደርሳሉ፤ ሌሎች ጨርሶ አይደርሱም። ሁለቱንም አይቻለሁ። መቻልሽን ዛሬ መወሰን የለብሽም። ሻንጣውን ያገኘሽው እኮ ባለፈው ወር ነው።

እሱም ቃል ይስጥሽ። ከአሁን በኋላ አይዋሽሽም። ነገሩ ከቅዳሜ ሁለት ሰዓት እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም አንድ ቀን «እኔ በውስጤ ሴት ነኝ» የሚል ነገር ከተሰማው፣ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ እንድትሆኚ። ያኔ ውይይቱ ሌላ ነው፣ ብቻችሁንም አትግቡበት። ደግሞ እየከፋው፣ እንቅልፍ እያጣ፣ «ብሞት ይሻላል» ማለት ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቂ። 988 ደውዪ፤ በአሜሪካ የትም ሆነሽ ይሠራል።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ሻንጣው እዚያው ቤዝመንት ይቅር። የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚከለክለው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግንኙነትን ነው፣ ስለ ቀሚስ አይናገርም። ጎረቤት ግን አንቀጽ አያነብም።

በሚመጣው ቅዳሜ ልጆቹን ካደረስሽ በኋላ ወደ ቤት ተመለሽ። ልብሱን እንዲለብስ ሳይሆን፣ የተለመደውን ልብሱን ለብሶ፣ ያንን ቡና እንዲያፈላልሽ። እስካሁን ብቻውን ሲጠጣው ኖሯል። ረከቦቱ መሀል ላይ ሆኖ ጥያቄዎችሽን አንድ በአንድ ጠይቂ፤ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ካልጨረሳችሁ ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት።

የመልስ ቀሚስሽን ልብስ ሰፊ ጋ የሚወስደውም እሱ ነው። «ሴትዮዋ ወፈረች እንዴ?» ብሎ ከጠየቀው፣ ምን እንደሚመልስ እሱ ይወቅ።