የአበባ ሽቶ ከመግዛት በፊት፦ ከጎንደር ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

ለጥምቀት ሽቶ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች የጠየቋቸው ናቸው። ዋጋ ለጠየቃችሁኝ ግን ብር አልጠራም፤ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል።

ፒያሳ ሱቅ ውስጥ አሽትቼ ወደድኩት፤ ቤት ስገባ ሌላ ሽታ ሆነብኝ። ሻጩ ሸወደኝ?

ላይሸውድሽ ይችላል። ሽቶ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይተንም። መጀመሪያ ብር ብለው የሚወጡት እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ናቸው፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ይሄዳሉ። አበባው፣ ማለትም ጽጌረዳው፣ ጃስሚኑ፣ ከዚያ ይመጣና ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ የሚቀረው የሰንደል እንጨቱ፣ ምስኩ፣ ቫኒላው ነው። ሱቅ ውስጥ የወደድሽው መግቢያውን ብቻ ነው። ገንዘቡን የምትከፍዪው ግን ለሚቀረው ነው።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ነው የሚሞከረው?

ጠዋት ሂጂ፤ ቡና ሳይፈላ፣ እጣን ሳይጨስ። ጭሱ ነጠላሽና ጸጉርሽ ውስጥ ከገባ የምታሸቺው ሽቶውን ከእጣኑ ጋር ቀላቅለሽ ነው። ለጋ ቅቤ ጸጉር ላይ ካለም ያው ነው። እጅሽን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቢ፤ ሎሽን አትቀቢ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ። ሱቁ ከሌለው ነጭ ወፍራም ወረቀት በጣት ስፋት ቀድደሽ ያዢ፤ የሽቶውን ስም ጫፉ ላይ ጻፊበት፣ አለዚያ ሦስተኛው ላይ ይምታታብሻል። ከ3 በላይ አትሞክሪ። የማይሆነውን ወረቀቱ ይጥልልሻል፤ የተረፉትን ሁለቱን ወደ ቆዳ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ክንድ ውስጠኛው በኩል፣ ከ15 ሳንቲሜትር ርቀት አንድ አንድ ጊዜ እርጪ። አንጓሽን ከአንጓሽ አታፋትጊ፤ ማሸቱና ሙቀቱ መግቢያውን ያቻኩለዋል።

ከዚያ ሳትገዢ ውጪ። ጠዋት 3 ሰዓት ከረጨሽ 3፡10፣ 4 ሰዓትና 7 ሰዓት ላይ አሽቺ። በመሀል ክንድሽን አፍንጫሽ ላይ ለጥፈሽ አትዋዪ፤ አፍንጫ ይለምዳል። ሻጮች የቡና ፍሬ ያስሸትታሉ፤ ቡና ሌላ ብርቱ ሽታ ነው እንጂ አፍንጫ አያጸዳም። በር ላይ ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብ ይበልጣል።

እትዬ፣ የእኔ በአንድ ሰዓት ይጠፋል። የጎንደር አየር ይሆን?

ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ቆዳም ይደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶ አይዝም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀብተሽ ላዩ ላይ እርጪ። ግን አስቀድመሽ ከውጭ የገባ ሰው «ይሸታል?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ሽቶው አልጠፋም፤ አፍንጫሽ ነው የለመደው።

ካርቶኑ «ጃስሚን» ይላል። እውነተኛ አበባ አለበት?

ርካሽ ከሆነ የለበትም፣ ወይም ጠብታ ነው። 1 ኪሎ የጃስሚን ቅመም ለማውጣት ብዙ መቶ ኪሎ አበባ ይፈጃል፤ 1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ደግሞ ከ3 ቶን በላይ። ይህ ማለት ግን በላቦራቶሪ የተሠራው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ዘይቱ የማይወጣለት አበባም አለ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲዮሪሲሞ የተባለ የዲዮር ሽቶ የሸለቆ አበባ የሚባለውን ሽታ የያዘው ከሌሎች ነገሮች ተገጣጥሞ ነው።

ጃስሚን ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ። ሲበዛ ልብስን ከብል የሚከላከለውን ነጭ ፍሬ (ናፍታሊን) ይመስላል፣ ትንሽም እንስሳ እንስሳ ይላል። «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትመልሱት። እሱ ፈጽሞ ሲጎድል ነው አበባው ሳሙና ሳሙና የሚለው፤ በእኔ ሚዛን ይሄኛው የባሰ ነው። ከጥርኝ የሚገኘውን የኛን አገር ዝባድም ከጥንት ጀምሮ ሽቶ ቤቶች የፈለጉት ለዚህ ነው፦ ብቻውን ይከረፋል፣ በጥቂቱ ሲገባ ግን አበባውን ያሞቀዋል፣ ያቆየዋልም።

100 ሚሊ ኦ ደ ቷሌት (ቀለል ያለው) ወይስ 50 ሚሊ ኦ ደ ፓርፋም (ጠንከር ያለው)? ዋጋቸው አንድ ነው።

አንድ ርጭት 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። 50 ሚሊው 500 ርጭት፣ በቀን 4 ጊዜ ከሆነ 125 ቀን። ቷሌቱ ቀለል ያለ ስለሆነ ከሰዓት ትደግሚዋለሽ፤ በቀን 8 ከሆነ 1,000 ርጭቱ በ8 ሲካፈል ያው 125 ቀን። እኩል ናቸው። ቢሮ የምትውዪ ከሆነ ቷሌቱን ውሰጂ፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ብርቱ የአበባ ሽቶ ጎረቤት ያስለቅቃል።

ኮፒ መሆኑን በምን ልወቅ?

የካርቶኑና የጠርሙሱ ባች ኮድ (የምርት ዙሩ መለያ ቁጥር) ካልገጠመ ተወው። መግጠሙ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ኮፒ የሚሠሩትም ቁጥር ያትማሉ። የሚያጋልጠው ሰዓቱ ነው፦ መግቢያው ልክ ይመስላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አበባው ተኖ አንድ ወጥ ጣፋጭ ሽታ ብቻ ይቀራል። ሲረጭ አልኮሉ ለጥቂት ሰከንድ አፍንጫ ቢወጋ ግን ኦሪጅናሉም ይወጋል።

ነጠላ ላይ ይረጫል?

አይረጭም። የዘይት ሽቶና ቫኒላ የበዛበት ነጭ ጥጥ ላይ ቢጫ ይተዋል። ቆዳ ላይ ረጭተሽ ይድረቅ፣ ከዚያ ልበሺ።

ያለፈው ዓመት ሽቶዬ ጠቆረ። ልጣለው?

ቀለሙን አይተሽ አትጣዪው፤ ነጭ አበባና ቫኒላ ያለበት በጊዜ ይጠቁራል። ወረቀት ላይ ረጭተሽ 10 ደቂቃ ጠብቂ። መጀመሪያ ላይ ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚል ከሆነና አበባው ከዚያ በኋላም ካልመጣ አብቅቶለታል። ከመጣ ተጠቀሚበት፤ ብቻ ከመስኮት ላይ አንሥተሽ ካርቶኑ ውስጥ መልሰሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው።