ሥራ አገናኝ ድርጅት ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መጠየቅ ይችላልን?

ጥያቄ፦ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት ለምዝገባ ክፍያ ጠየቀኝ። በማስታወቂያው ችግረኛ ተማሪዎችን እንደሚረዳና ችግኝ እንደሚተክል ይገልጻል። ይህ ለታማኝነቱ ማስረጃ ይሆናልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ገንዘቡን አይክፈሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ አካል አድርጎ በመሆኑ፣ ክፍያው «ምዝገባ» ወይም «ፋይል መክፈቻ» ቢባልም ከእርስዎ ሊጠየቅ አይገባም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መሠረታዊ አቋሙ ይኸው ነው።

ተማሪ መርዳትና ችግኝ መትከል የሚያስመሰግን ተግባር ቢሆንም የሥራ ፈቃድን አይተካም። እኔ አብልጬ የምመዝነው ከድርጅቱ ሙያ ጋር የተሳሰረውን ማኅበራዊ ተሳትፎ ነው፤ ይኸውም ልምድ የሌላቸውን ተመራቂዎች ከአሠሪዎች ጋር ለተግባር ልምምድ ማገናኘቱን፣ ለአካል ጉዳተኛ አመልካቾች ፈተናውን ምቹ ማድረጉን፣ ላልተመረጡትም ምክንያቱን በግልጽ ማስረዳቱን ነው። ከሥራ አጥ ወጣት ገንዘብ እየሰበሰቡ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት መናገር ግን በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ድርጅቱ የታደሰ ፈቃዱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አስቀድመው ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ይዘው በአካባቢዎ ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።