«ስልኬ ቻርጅ አያደርግም»፦ አድራጊው ማን ነው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ስልኬን ሊጠገን ወስጄ ‹ቻርጅ አያደርግም› ስል አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ አረመኝ። ‹ስልኩ ምን ያደርጋል? የምታደርገው አንተ ነህ፤ ቻርጅ አይደረግም በል› አለኝ። ማናችን ነን ልክ? እንዲህ ዓይነት የእንግሊዝኛ ቃላትስ በየቦታው እንደፈለግን ብንጠቀምባቸው ነውር አለው?»

ልክ እርስዎ ነዎት። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ይቺ «አደረገ» የምትባል ግስ መቼም እረፍት ሰጥታኝ አታውቅም።

የጓደኛዎን ክርክር ከሌሎችም ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛ ስልኩንም የስልኩን ባለቤትም በአንድ ግስ ያስተናግዳል፤ አማርኛ ግን አድራጊና ተደራጊን በ«ተ» ይለያል፤ ስለዚህ የእርስዎ አነጋገር ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው ይላሉ። ሲሰሙት ያሳምናል። ግን አማርኛ ሁልጊዜ እንዲህ ጥንቁቅ ነው እንዴ? «ማሰሮው ሞላ» እንላለን፤ «ማሰሮውን ሞላው» እንላለን። ግሱ ያው ነው፤ «ተ»ም «አ»ም አልተጨመረበትም። «በሩን ዘጋሁ» ያለው ሰው ባትሪው ሲያልቅ «ስልኬ ዘጋብኝ» ይላል። ዝናቡም ይጀምራል፣ እኛም ሥራ እንጀምራለን። ይህ ባሕርይ እንግሊዝኛ ሳይመጣም ቤታችን ውስጥ ነበር።

የጓደኛዎ ነገር እውነት የሚሆንበት ሌላ በር አለ፤ እሱን አልደብቅም። በነባሩ ጥምር ግስ «አለ» እና «አደረገ» ሥራ ተከፋፍለዋል። በሩ ገርበብ አለ፤ በሩን ገርበብ አደረገው። ልጁ ብድግ አለ፤ ልጁን ብድግ አደረገው። በዚህ ሥርዓት ብንሄድ ኖሮ ሰው ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ፣ ስልኩ ደግሞ «ቻርጅ ይላል» መሆን ነበረበት። ማንም አይለውም። ምክንያቱ አንድም «ቻርጅ አለ» የሚለው ቦታ ቀድሞ ስለተያዘ ይመስለኛል፤ «ቻርጅ አለ?» ሲባል የምንሰማው «ባትሪው ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ?» ተብሎ ነው። ጠብቆ ይነበባል፣ ላልቶ ይነበባል የሚል ይኖራል፤ ፊደላችን ግን ያንን አያሳይም። ብቻ የሆነው ሆኖ ባዕድ ግስ ሲገባ «አደረገ» ብቻውን በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ይቀበላል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አደረገ። ስልኩ ስታክ አደረገ። ተማሪው ፌል አደረገ። ከሦስቱ በአንዱም ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አስቦበት ያደረገው ነገር የለም። ሰዋስዋችን አእማዱን፣ ማለትም የግስ ቅርጾቹን፣ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ እያለ በዚሁ ግስ ስም ሲሰይም ግሱ አንድ ቀን እንዲህ ባዶ ዕቃ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ደግሞ «ቻርጅ»ን ከ«አደረገ» ጋር ብቻ አልተውነውም። «አያደርግም» እና «አይዝም» አንድ አይደሉም፦ ቻርጅ የማያደርግ ስልክ ቢሰኩትም ምንም አይገባውም፤ ቻርጅ የማይዝ ግን ይሞላና ወዲያው ያልቃል። ጥገና ቤት ሲሄዱ ይህን ለይቶ መናገር ጠቃሚ ነው። «ቻርጅ የለኝም» ሲባል ደግሞ የሌለው ሰውዬው ነው፣ ስልኩ አልተነሣም። «ቻርጅ ላይ ነው»፣ «ቻርጅ ጨረስኩ»፣ «ቻርጅ አልቆብኛል»። ስም ሆኗል፣ ያልቃል፣ ይጨረሳል።

ፍርድ ቤት አካባቢ ሌላ «ቻርጅ» አለ። «የክስ ቻርጅ» ይባላል፤ ክሱ የተጻፈበት ወረቀት ማለት ነው። ክስ ላይ ክስ መደረብ ነው፣ ግን ማን ሰምቶ! ባይመስልም ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግንድ ናቸው። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፤ ፈረንሳይኛ ከላቲኑ «ካሪካሬ»፣ ማለትም ሠረገላ ላይ ዕቃ መጫን። የላቲኑም መሠረት ሠረገላ የሚለው «ካሩስ» ነው፤ እሱንም ሮማውያን የተዋሱት በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት ጎረቤቶቻቸው ከጎሎች ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የምንሰማው «ካርጎ» የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባትሪው ላይ ኃይል ተጫነ፣ ተከሳሹ ላይ ወንጀል ተጫነ፣ ካርጎው ላይ ሻንጣ ተጫነ። እኛም «ጫነ» አለን፤ ግን እሱን ለመተግበሪያ ሰጠነው፦ «ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ»።

የእኔ ቅሬታ ከጓደኛዎ ይለያል። ቃሉ መግባቱ አይደለም የሚቆጨኝ፣ በእንግድነት መቅረቱ ነው። ድሮ ባዕድ ቃል ሲመጣ አማርኛ ሥር አውጥቶ ያረባው ነበር። የጣልያኑ «ፊርማ» መጣ፤ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ ሆነ። ብቸኛ ማለት ከሆነው ከግሪኩ «ሞናኮስ» በግዕዝ በኩል መነኮሰ ወጣ። ከ«ፊሎሶፎስ» ፈለሰፈ። «ፊርማ አደረገ» አላልንም! ቻርጅም ቸ፣ ረ፣ ጀ የሚል የተሟላ ሦስት ተነባቢ አለው፤ እንደ ፈረመ «ቸረጀ» ቢባል ሰዋስው የሚያስከፋው ነገር የለም። ግን «ስልኬን ቸርጄ ልምጣ» ብል ይሳቅብኛል፤ ስለዚህ አልልም። «አይሞላም» እላለሁ። ይህ ማስረጃ አይደለም፣ ምርጫዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ስደርስ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። በ«ቻርጅ» የተስማማሁትን በ«ሚስ» አልስማማም። «ሚስ አደረግኩህ» የሚሉትን ማለቴ ነው። አማርኛ ላይ የሰው ስሜትና ዕጣ ሲነገር ሰውዬው ብዙ ጊዜ ተሳቢ ነው፦ ራበኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቅከኝ፣ አውቶቡሱ አመለጠኝ። ነገሩ በእኔ ላይ ይደርሳል እንጂ እኔ አላደርገውም። «ሚስ አደረግኩህ» እና «አውቶቡሱን ሚስ አደረግኩት» ግን ሁለቱንም ገልብጠው እኔን አድራጊ አድርገውኛል፤ ናፍቆትና ማምለጥን የሚያህል ልዩነትም በአንድ ቃል ተጨፈለቀ። «ግራጁዌት አደረገ»ም ያው ነው። «ተመረቀ» ውስጥ መራቂ አለ፣ ተመራቂ አለ፤ በአዲሱ አነጋገር ልጁ ራሱን በራሱ መረቀ።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ «አገሩን ናፈቀ አይባልም እንዴ?» ቢለኝ መልስ ያጥረኛል። ይባላል፣ ናፋቂውም ባለቤት ነው። እሺ፣ ይሁን። ወጣቱም «ሚስ አደረግኩህ»ን ያለ አንዳች ሐሳብ ይለዋል፣ የተባለውም ሰው ደስ ብሎት ይሰማል፤ ተለምዷል። ለእኔ የሚጽፍልኝ ሰው ግን «ናፈቅከኝ» ቢል ደስ ይለኛል።

ሌላው አጭር ነው። «ሼር አደረገ» ለጽሑፍና ለፎቶ ተለይቶ ስለተያዘ ችግር የለውም፤ የኩባንያው ሼር ሲሆን አክሲዮን ይበሉት። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሆነ «የስልኩ ባትሪ አይሞላም» ብለው ይጻፉ። ለጥገና ባለሙያው ግን እንዳሉት ይበሉት፣ ጓደኛዎም አያርሙዎት።